አውጪዋና ተቀባዮቿ

አሬታ ፍራንክሊን በ1972 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፈለገችውን አዳራሽ መሙላት፣ የፈለገችውን ስቱዲዮ መያዝ የምትችል አሜሪካዊት ዘፋኝ ነበረች። ከአምስት ዓመት በፊት ወደ አትላንቲክ ሪከርድስ ከገባች ወዲህ የነካችው ሁሉ ሰምሮላታል፤ የግራሚ ሽልማትም በየዓመቱ ይመጣላት ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ ሳለች ቀጣዩን አልበሟን የቀረጸችው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በኩል፣ ቀድሞ ሲኒማ ቤት በነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ይባላል። ጃንዋሪ 13 እና 14፣ ሐሙስና ዓርብ ማታ፣ ሕዝቡ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየሰማ ዘመረች። ከሁለቱ ምሽቶች «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው ድርብ አልበም ወጣ። በሕይወት ዘመኗ ካሳተመቻቸው አልበሞች ሁሉ በሽያጭ የበለጠው ይኸው የመዝሙር አልበም ሆነ።

ስለዚህ አልበም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድምጿ ነው። ይገባታል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ጆሮዬ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ ወደሚቀበሏት። እሷ አንድ ሐረግ ታወጣለች፣ ኳየሩ ይቀበላል፣ ከወንበሮቹ መሃል አንዲት ሴት ትጮኻለች፣ ከኋላ አንድ ወንድ «አዎ!» ይላል፣ ኦርጋኑ የቀረውን ክፍተት ይሞላል። እሷም የሰጧትን ተቀብላ ቀጣዩን ሐረግ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ሰርግ ላይ አውጪዋ የቱንም ያህል ብትችል ተቀባዮቿ ከቀዘቀዙ ዘፈኑ እንደማይሞቅ የምናውቅ ሰዎች ነንና ነገሩ አይጠፋንም። ሶል የምንለው ሙዚቃ ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ብዙ ነገር ይዞ ወጥቷል፤ ቅላጼውን፣ ጭብጨባውን፣ ኦርጋኑን፣ እንባውንም ጭምር። ጉባኤውን ግን ይዞ መውጣት አልቻለም። አሬታ ያንን ልትፈልግ የተመለሰች ይመስለኛል።

መቀበል በዚያ ሕዝብ ዘንድ ጥንታዊ ነገር ነው። የመዝሙር መጽሐፍ በሌለበት፣ ማንበብ መማርም ለባሪያ በሕግ በተከለከለባቸው ግዛቶች፣ መሪው አንዱን ስንኝ ይላል፤ ጉባኤው ተቀብሎ፣ እየጎተተና እያስረዘመ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቅላጼ እያስጌጠ ይዘምረዋል። ለአልበሙ ስም የሆነውን መዝሙር የጻፈው ጆን ኒውተን እንግሊዛዊ ነው። ቄስ ከመሆኑ በፊት ባሪያ የሚያመላልስ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ ግጥሙ በ1779 ታተመ። በእነዚያ መርከቦች የተጋዙት ሰዎች ልጆች የዚያን ሰው ቃል ወስደው በራሳቸው ዜማና በራሳቸው ትንፋሽ የገዛ መዝሙራቸው አደረጉት። ስለዚህ መዝሙር ባሰብኩ ቁጥር የሚከብደኝም የሚያጽናናኝም ይህ ነው።

ጎስፔል የሚባለው የጥቁሮች የመዝሙር ሙዚቃ በዛሬ መልኩ የመጣው ግን በ1930ዎቹ፣ በቺካጎ ነው። ቶማስ ዶርሲ «ጆርጂያ ቶም» እየተባለ ብሉዝ የሚጫወት፣ ለታላቋ የብሉዝ ዘፋኝ ማ ሬይኒ ፒያኖ የሚመታ ሰው ነበር። ያንን የብሉዝ አጨዋወት ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ብዙ ፓስተሮች በር ዘጉበት፤ የመጠጥ ቤት ዜማ ነው አሉት። በኦገስት 1932 ሊዘምር ወደ ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሳለ ቴሌግራም ደረሰው፤ ሚስቱ ኔቲ በወሊድ ሞታ ነበር። ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ሐዘን «ቴክ ማይ ሃንድ፣ ፕሬሽየስ ሎርድ» የተባለው መዝሙር ተወለደ። ብሉዝ የሚያውቅ እጅ፣ ቤቱ የፈረሰ ሰው፣ ጸሎት፤ ሦስቱ በአንድ ዜማ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ጎስፔልና ሶል ተቀላቀሉ ስንል ሁለት ንጹሕ ነገሮች ኋላ ላይ ተገናኙ ማለታችን አይደለም። ጎስፔል ራሱ ከመጀመሪያው ዓለማዊው ዜማ በደሙ ውስጥ ነበረ።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዓለማዊው ዘፈን የተደረገው የመልስ ጉዞ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ መጣ። ሬይ ቻርልስ በ1954 መጨረሻ፣ አትላንታ ውስጥ ባለ የሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ «አይ ጋት ኤ ውማን»ን ቀረጸ። የመዝሙር አካሄድ ነው፤ በጌታ ፈንታ የምትወደድ ሴት ገብታለች። ሳም ኩክ ሶል ስተረርስ በተባለው የመዝሙር ቡድን መሪ ድምፅ ሆኖ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ በ1956 የመጀመሪያውን የፍቅር ዘፈኑን ሲያወጣ የመዝሙር አድማጮቹ እንዳይቀየሙት ብሎ «ዴል ኩክ» በሚል ስም አወጣው። ያን የመሰለ ድምፅ በስም መሸፈን አይቻልምና ወዲያው አወቁት።

ያኔ የመዝሙሩ ዜማ ወደ ዘፈን መውጣቱ ያስቆጣቸውን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ግትር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ አላያቸውም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለነበረ ጥቁር፣ ትምህርት ቤቱም ፍርድ ቤቱም አውቶቡሱም የሌላ ሰው ነበር። የራሱ የነበረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። እዚያ ውስጥ እናቶች ያለቀሱበት፣ ሙታን የተሸኙበት ዜማ ወጥቶ ገበያ ላይ ሲቀርብ ቢደነግጡ፣ ከዚህም በኋላ የእኛ የሚባል ምን ይቀረናል ማለታቸው ነበር። የተሳሳቱት አንድ ነገር ላይ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ዜማው ሲወጣ እምነቱ አብሮ የሚወጣና የሚያልቅ መሰላቸው።

ወደ ውጭ የወጡት ዘፋኞችም ቢሆኑ ተቀባይ ሳይዙ መሄድ አልሆነላቸውም። ሬይ ቻርልስ ሬይሌትስ የተባሉ ሴቶችን ከኋላው አቆመ፤ በ1959 «ዋትድ አይ ሴይ» ላይ እሱ ሲያወጣ እነሱ ሲቀበሉ የሚሰማው፣ ቃሉ ቢለወጥም፣ የእሁድ ጠዋት አካሄድ ነው። አሬታ ደግሞ እህቶቿን ይዛ ገባች። «ሪስፔክት» የኦቲስ ሬዲንግ ዘፈን ነው፤ እሱ በ1965 ሲዘፍነው አንድ ወንድ ከሥራ ገብቶ ክብር የሚለምንበት ነበር። በ1967 አሬታ ስትዘፍነው ኤርማና ካሮሊን ከኋላ ይቀበሏታል፣ ያበረቷታል። ጥያቄው የአንድ ሰው መሆኑ ቀረ። ያ ዘፈን የሴቶችና የመብት ታጋዮች መዝሙር የሆነው በግጥሙ ብቻ አይመስለኝም፤ ቤቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ድምፅ ስላለ ነው።

ዋትስ ላይ ምሽቶቹን የመሩት ቄስ ጄምስ ክሊቭላንድ ናቸው። ልጅ ሳሉ ቺካጎ ውስጥ ዶርሲ በሚመራው ቤተ ክርስቲያን ኳየር ዘምረዋል፤ ጎልማሳ ሲሆኑ ዲትሮይት ሄደው የአሬታ አባት ቄስ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በሚያስተዳድሩት ኒው ቤተል ባፕቲስት አገልግለዋል፤ ትንሿን አሬታንም ያውቋታል፣ አስተምረዋታል። ስለዚህ ከዶርሲ እስከ አሬታ ያለው መስመር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አልፎ እዚያች መድረክ ደርሷል። ከእሳቸው ጋር የደቡብ ካሊፎርኒያ ኮሚኒቲ ኳየር አለ፣ እጁን እያወዛወዘ የሚመራው ወጣቱ አሌክሳንደር ሃሚልተን አለ። ከጎን ደግሞ አሬታ ከሶል ዓለም ያመጣቻቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ኮርኔል ዱፕሪ በጊታር፣ ቹክ ሬይኒ በቤዝ፣ በርናርድ ፐርዲ በድራም። የዓለማዊው ዘፈን ባንድ እንዳለ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ ማለት ነው። አሬታ የመጀመሪያውን ምሽት የጀመረችውም በማርቪን ጌይ «ሆሊ ሆሊ» ነው፤ ገና ባለፈው ዓመት በወጣ የሶል አልበም ላይ ያለ ዘፈን። ጉባኤው ሲቀበለው ከየት እንደመጣ የጠየቀ ያለ አይመስልም።

አሬታ በሁለቱ ምሽቶች ከመዘመር በቀር ምንም አትናገርም ማለት ይቻላል። ንግግሩን ሁሉ የሚያደርጉት ክሊቭላንድ ናቸው። «አሜዚንግ ግሬስ»ን ስትጀምር ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ይወስዳታል፤ አንዱን ቃል ይዛ ታዞረዋለች፣ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች፤ ሕዝቡም በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። መሃል ላይ ክሊቭላንድ ፒያኖውን ትተው ይቀመጡና ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝሙር ያስተማሩ፣ ሕፃን ሳለች የሚያውቋት ሰው ናቸው። በሁለተኛው ምሽት አባቷ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ እሷ ፒያኖ ላይ ሆና ስትዘምር ተነስተው ላብዋን በመሐረብ ጠረጉላት። ሲናገሩም ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ ወጥታ እንደማታውቅ መሰከሩ። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢለው ማስተባበያ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸው ዓለማዊ ዘፈን ስትጀምር የደገፏት ቄስ ናቸው፤ ወቀሳውንም አብረው ተቀብለዋል።

ከአልበሙ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የዶርሲን መዝሙር ከካሮል ኪንግ «ዩቭ ጋት ኤ ፍሬንድ» ጋር ያጣመረችውን እመርጣለሁ። የካሮል ኪንግ ዘፈን ስለ ጓደኝነት ነው፤ በ1971 የወጣ፣ በየሬዲዮው የሚሰማ ተወዳጅ ፖፕ። አሬታና ክሊቭላንድ ጓደኛው ማን እንደሆነ ለወጡት፤ የዶርሲን ጸሎት ከሥሩ አስገቡበትና ሁለቱ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሬይ ቻርልስ ጌታን አውጥቶ ሴት ያስገባበትን መንገድ እሷ በተቃራኒው ተመለሰችበት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሁለቱንም ዓለም እኩል መውደድ ያስፈልጋል፤ አንዱን የናቀ ሰው ስፌቱ ይታወቅበት ነበር።

ያ የዶርሲ መዝሙር ዋትስ ሲደርስ ብዙ ተሸክሟል። በኤፕሪል 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ከሆቴላቸው በረንዳ ላይ ቆመው፣ ሊገደሉ ደቂቃዎች ሲቀሯቸው፣ ሙዚቀኛውን ቤን ብራንችን በዚያ ማታ ስብሰባ እንዲጫወትላቸው የጠየቁት እሱን ነው። በቀብራቸው ላይ ታላቋ የጎስፔል ዘማሪ ማሃሊያ ጃክሰን ዘመረችው። ማሃሊያ ራሷ ጃንዋሪ 27 ቀን 1972፣ ከዋትስ ምሽቶች ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አረፈች፤ ቺካጎ በተደረገው ሽኝቷ ላይ ያንኑ መዝሙር የዘመረችው አሬታ ናት። መዝሙሩ ከሐዘን ወደ ሐዘን ሲሄድ በየመንገዱ የሚቀበለው አላጣም።

እኛ ዘንድ በዘፈንና በመዝሙር መካከል ያለው ድንበር ጠንካራ ነው፤ የተሻገሩትንም እናስታውሳለን። ሙሉቀን መለሰ በዝናው አናት ላይ ዘፈንን ተወ፤ ሂሩት በቀለም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመኗ በኋላ ወደ መዝሙር ገባች። የሁለቱንም ውሳኔ አከብራለሁ፤ ከኅሊናቸው ጋር የተነጋገሩበት ነገር ነው። ሆኖም ሙሉቀንን ስሰማ፣ ያ ድምፅ በዘፈኑ ዘመን የነበረው ናፍቆት ኋላ ወደ ጸሎት ከተመለሰው ናፍቆት የተለየ ሆኖ አይሰማኝም። አሬታ ምርጫ ውስጥ ሳትገባ ኖረች። ይህን ማድረግ የቻለችው አባቷና ቤተ ክርስቲያኗ በሩን ክፍት ስለተዉላት ነው፤ ያን በር ያላገኙት ብዙ ናቸው።

በዋትስ የተቀረጸ ፊልምም አለ። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፖላክ ነበር፤ ካሜራዎቹ ሲነሱ ምስልና ድምፅ ለማገጣጠም የሚረዳው ክላፐር ስላልተመታ፣ የሰዓታት ፊልም ከድምፁ ጋር አልገጥም ብሎ ለአሥርት ዓመታት መጋዘን ተቀመጠ። ፖላክ በ2008 ሞተ። አላን ኤሊየት የተባለ ፕሮዲውሰር ጨረሰው፤ አሬታ ግን በፍርድ ቤት አስቆመችው፣ በሕይወት እያለችም አልታየም። እሷ በኦገስት 2018 ካረፈች በኋላ ቤተሰቧ ፈቅዶ በዚያው ዓመት ወጣ። ፈቃዷን ሳያገኙ መሆኑ ቅር ይለኛል። ያም ሆኖ የኳየሩን ፊት፣ የሃሚልተንን እጅ፣ ከወንበሮቹ የሚነሱትን ሰዎች ያየሁት በእሱ ነው።

መስማት ለምትፈልጉ፣ በ1972 ከወጣው ድርብ አልበም ይልቅ በ1999 የታተመውን፣ ሁለቱን ምሽቶች ሙሉ በሙሉ የያዘውን ፈልጉ። በመጀመሪያው አልበም ላይ የተመረጡት ብቻ ናቸው ያሉት። በሙሉው ላይ ግን ክሊቭላንድ ሕዝቡን ሲያነቃቁ፣ ስለ ቀረጻው ሲነግሩት፣ ሲያስቁት ይሰማል፤ አንዳንዱ መዝሙር በሁለቱም ምሽት ተዘምሯል፣ ያንኑ ዜማ ዓርብ ማታ የተቀበሉት ሰዎች ከሐሙሱ በምን እንደሚለዩም ማወዳደር ትችላላችሁ። ጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ተጠቀሙ። አንድ ጊዜ እሷን ስሙ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከመጀመሪያው አስጀምሩና ኳየሩንና ወንበሮቹን ብቻ ተከተሉ።