ቀን የሌለው ደብተር

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሜሪላንድ ይኖራሉ። አሮጌ ካሜራቸውን ሲሰጡኝ አንድ ባለ መስመር ደብተር አብሮ መጣ። በደብተሩ ውስጥ ሁለት ዓምድ ተሰምሯል፤ በግራ ካኖን 300ዲ፣ በቀኝ ኒኮን ዲ70። ተከፍቶ ለማንሳት እስኪዘጋጅ፦ ግራው ሦስት ሰከንድ ያህል፣ ቀኙ 0.2። በሰከንድ የሚያነሳው፦ ግራው 2.5፣ ቀኙ 3። ዋጋ፦ ግራው 899 ዶላር፣ ቀኙ 999። ከታች በትልልቅ ፊደል «ኒኮን!» የሚል ፍርድ ሰፍሯል።

እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ። ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ቢመጣልኝ፣ ፊርማው ቢመስል፣ ገንዘቡም ቢኖር፣ እመልሰዋለሁ። የጋሼ ደብተር ቀን የለውም።

ካኖን 300ዲ የታወጀው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 ነው። ሌንሱ የሚቀያየርና በመስተዋት የሚያሳይ ዲጂታል ካሜራ ከሺህ ዶላር በታች ሲወርድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከስድስት ወር በፊት የወጣው ታላቅ ወንድሙ 10ዲ፣ በዚያው 6.3 ሜጋፒክስል፣ 1,499 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ታዲያ ታናሹ የታላቁን ገበያ እንዳይሻማ፣ አንዳንድ ችሎታዎቹ በውስጥ ሶፍትዌሩ ተቆልፈው ወጡ። ኋላ ተጠቃሚዎች ሶፍትዌሩን ነካክተው ከተቆለፈው ጥቂቱን ከፍተውታል። ስለዚህ የ300ዲ ድክመት ከተባሉት ከፊሎቹ ሠሪው ሳይችል ቀርቶ ሳይሆን፣ ዋጋው ያጠራቸው አጥሮች ነበሩ።

ኒኮን ዲ70ን በዝርዝር ያስተዋወቀው በጃንዋሪ 2004 ነው፤ ገበያ የገባው በማርች። ተከሳሽ መልሱን የሚጽፈው የከሳሹን ቃል አንብቦ አይደል? «ፊት ከበቀለ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ» ይባላል፤ ቀንዱ ግን ጆሮው ሲያድግ ሲያይ ከርሟል።

ዋጋውም ቢሆን አንድ አልነበረም። ጋሼ የመዘገቡት ያለ ሌንስ ያለውን ስለሆነ ልዩነቱ መቶ ዶላር ሆነ። ከነሌንሳቸው ቢጽፉት ኖሮ 999 እና 1,299 ይሆን ነበር፤ ሦስት መቶ ዶላር። (የኒኮኑ ሌንስ ራቅ ያለውን ይበልጥ ያቀርባል፤ እሱ ሌላ ሙግት ነው።)

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ለካሜራ ብዬ አይደለም። በዲሴምበር 2003 ጋሼ ገንዘቡን አዘጋጅተው፣ ለገና አዲስ አበባ ሊመጡ ትኬት ቆርጠው ነበር። 899 ዶላር በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ7,500 ብር በላይ ነው፤ ለመሳሳት የሚያስፈራ ገንዘብ። በዚያው ወር ኒኮን ዲ70ን እየሠራሁ ነው ብሎ አስታወቀ። ገና ያልተሸጠ ካሜራ ሱቅ ውስጥ የነበረውን አስረጀው። ጋሼ ሊጠብቁ ወሰኑ።

ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አያቴ በስልክ «ፎቶ አነሳሻለሁ» ስለተባለች ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች።

«የታል ያልከው?» አለችው ልጇን።

«ለፋሲካ የተሻለ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እማዬ።»

«የተሻለ» አለች፣ ቃሉን እንደ መቅመስ ብላ፤ ከዚያም ቡና እንዲፈላ አዘዘች።

አያቴ የካቲት ሊያልቅ ሲል አረፈች። ኒኮን ዲ70 ሱቅ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ጋሼ ለፋሲካ እንዳሉት ይዘውት መጡ። ቁጥር 0001 የሚለው የመጀመሪያው ሥዕል የአያቴ ቤት በር ነው፤ ጥርት ብሎ ይታያል፣ የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር።

በደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ተጀምሯል። በፌብሩዋሪ 2005 ካኖን 350ዲን አወጣ፦ 8 ሜጋፒክስል፣ መነሻው 0.2 ሰከንድ፣ በሰከንድ 3፣ ዋጋው ያው 899። የጋሼ «ኒኮን!» ዓመት ሳይሞላው ተሻረ ማለት ነው። በኤፕሪል ደግሞ ኒኮን ዲ50ን በ749 ዶላር ይዞ መለሰ፤ ደብተሩ ግን እሱ ጋ አልደረሰም። ሦስተኛው ዓምድ ከመሀል ተቋርጦ ቀርቷል።

ባለፈው እሑድ በየዓምዱ አናት ቀኖቹን ጻፍሁላቸው፦ ኦገስት 2003፣ ማርች 2004፣ ፌብሩዋሪ 2005። ለአያቴ ቀን ዓምድ አጣሁለት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል፣ መስመሩ ላይ፣ በእርሳስ አሰፈርሁት።