ሌሊት 8 ሰዓት ያልነው ባክአፕ

ሰርቨር ስንል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መርካቶ ሱቃችን ጓዳ፣ ከበርበሬው ጆንያ ራቅ ብሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ነው። የሦስታችንም ሥራ ግን እሱ ላይ ነው፤ ፒችትሪው፣ የዲክላራሲዮኑ ስካን፣ የዱቤ መዝገቡ። አንዳችን መርካቶ፣ አንዳችን ሞያሌ፣ አንዳችን ናይሮቢ ኢስሊ ሆነን ቦሎቄ፣ በርበሬና ሽሮ ስንነግድ ማን ምን እንዳለበት የምናውቀው በዚያ ማሽን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አልነሳ አለ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ «በሚቀጥለው ሳምንት ይቀየራል» እየተባለ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ባለሙያ መጥቶ ዲስኩ እንደተቃጠለ ነገረን። ብዙም አልደነገጥንም፤ ባክአፕ አለን ብለን። ኤክስተርናል ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። ፎቶው አለ፣ ስካኑ አለ፣ ደብዳቤው አለ። የሚከፈተው የመጨረሻ የሒሳብ ፋይል ግን የ11 ሳምንት ዕድሜ ነበረው።

ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ፕሮግራሙን በርቀት ገብቶ የጫነልን ናይሮቢ ያለ አንድ ወጣት ነበር። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት እንዲሠራ ፈልገን በእንግሊዝኛ «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አድርገው» አልነው። እሱም 20:00 ብሎ ሞላው። የእኛ ሌሊት 8 ግን በእነሱ አቆጣጠር 02:00 ነው። የሚገርመው፣ በስዋሂሊ «ሳ ናኔ ያ ኡሲኩ» ብንለው ኖሮ ልክ ይሆን ነበር፤ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ከእኛ ጋር አንድ ነው። በእንግሊዝኛ መናገራችን ጎዳን።

20:00 ማለት ምሽት 2 ሰዓት ነው። መርካቶ ይዘጋል፤ የኢስሊ ሱቃችን ግን እስከ ምሽት 3 ክፍት ነው፣ እሑድንም ጨምሮ። የኢስሊዋ ባልደረባችን በርቀት ሰርቨሩ ላይ ገብታ የቀኑን ሽያጭ የምታስገባው በዚያው ሰዓት ነው። ፒችትሪ ሁልጊዜ ክፍት ነው ማለት ነው። የጫንነው ፕሮግራም ደግሞ ክፍት ፋይል ሲያገኝ ዘሎ የሚያልፍ ነበር። ሌላውን ሁሉ ይገለብጥና «ተጠናቋል፣ ከማስጠንቀቂያ ጋር» ብሎ ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ የሚሄደው ማናችንም ወደማንከፍተው አድራሻ ነው። ትክክለኛ የሆነው ቅጂ ልጁ በጫነበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ፕሮግራም ተዘግቶ የተሞከረው ብቻ ነው።

ይህን ከማወቃችን በፊት ግን የመርካቶዋን የሒሳብ ሠራተኛችንን ወቅሰናታል። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» አልናት፣ ሰው ፊት። አለቀሰች።

ከዚያ የ11 ሳምንቱን ሥራ ከወረቀት መሰብሰብ ጀመርን። የደረሰኝ ጥራዝ፣ የኤምፔሳ መልእክት፣ በቴሌግራም የተላላክነው የጭነት ወረቀት ፎቶ። ይህን ያህል ወረቀት ለምን እንደምናስቀምጥ ስንማረር የኖርን ሰዎች ነን። አብዛኛው ተገኘ። ያልተገኘው ግን እርስ በርሳችን ያጋጨን ነበር፤ ሞያሌ ላይ በእጅ የተሰጠ ብር፣ ኢስሊ ላይ በቃል የተሰጠ ዱቤ። «እኔ ልኬያለሁ»፣ «እኔ ጋ አልደረሰም» መባባል መጣ። 9 ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ሦስታችን መሐል ማንም አልሰረቀም፤ ግን ይህን የሚያሳይ መዝገብ አልነበረንም።

ሞያሌ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉን። ዕዳቸውን ልንጠይቃቸው አፍረን ስንሄድ ከኪሳቸው ደብተር አወጡ። «እኔ ጋ ተጽፏል ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» አሉን። እኛ ካሰብነው በላይ ነበረባቸው፤ ከፈሉን። እንደ እሳቸው ያላደረጉም አሉ፤ እነሱን እዚህ አናነሳም።

አዲስ ባክአፕ ልንመርጥ ስንነሳ ኮሜርስ የተማርነውን አስታወስን፤ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ለምን እንደምትገዛው ጻፍ። የጻፍነው ሁለት ጥያቄ ነው። የስንት ቀን ሥራ ቢጠፋ በእጅ መልሰን ማስገባት እንችላለን? ሱቁ ሳይሠራ ስንት ቀን መቆየት ይችላል? የመጀመሪያው መልስ አንድ ቀን፣ የሁለተኛው ሁለት ቀን ሆነ። ከዚህ በኋላ የሻጮች ወሬ ብዙም አላታለለንም።

ለምሳሌ «ሁሉንም ክላውድ ላይ አድርጉት» ያለን ነበር። ስሌቱን ሠራነው። የእኛ ፋይል 40 ጊጋባይት ገደማ ነው። መስመሩ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢሰጠን (እሱም በደህና ቀን) 40 ጊጋ ለማውረድ 44 ሰዓት ይፈልጋል፤ ኔት አንዴም ሳይቋረጥ። ሁለቱ ቀናችን እዚያው አለቀ። ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ መቆየቱን የሚረሳ ነጋዴ የለም። ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያው በዚያ መሐል ነበር። ክላውድ ብቻ ያለው ሰው ያኔ ምን ይዘጋል? በሌላ በኩል በየቀኑ የሚለወጠው ነገራችን 300 ሜጋባይት አይሞላም፤ እሱን ለመላክ 20 ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ ክላውዱ ለየቀኑ ለውጥ ጥሩ ነው፤ ሱቅ ተቃጥሎ ሁሉን ለመመለስ ግን ዲስኩ በአውቶቡስ ቢመጣ ይፈጥናል።

የያዝነው እንዲህ ነው። መርካቶ ላይ የቪም ነፃ ኮሚዩኒቲ እትም ጫንን፤ እስከ 10 ማሽን ድረስ አይከፈልበትም፣ እኛ ያሉን አራት ናቸው። ክፍት ፋይል አይዘልም፤ ዊንዶውስ ቪኤስኤስ በሚለው መንገድ የዲስኩን የቅጽበት ምስል ወስዶ ከዚያ ይገለብጣል። ሙሉውን ማሽን ስለሚይዝ ዊንዶውሱንና ፒችትሪውን እንደገና መጫን የለም። ጉዳቱ፣ ደህና ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ለደካማ ላፕቶፕ አይመችም። ለሞያሌ ላፕቶፕ ዱፕሊካቲን መረጥን። እሱም ነፃ ነው፣ ከመላኩ በፊት ፋይሉን ይቆልፋል፣ የተለወጠውን ብቻ ይልካል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትመልሱ መጀመሪያ የራሱን ማውጫ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ያስጠብቃል። የክላውዱ ኪራይ በዶላር ስለሆነ የኢስሊዋ ናት የምትከፍለው፣ ኤምፔሳ በሚሰጠው የቪዛ ካርድ።

ፒችትሪን ግን ለማንም ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አላመንንም። ቅዳሜ ማታ ሦስታችንም እንወጣና በራሱ ባክአፕ ይደረጋል፤ ከዚያ ሌላው ያንን ፋይል ይገለብጣል።

ዲስኮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሲሰካ ሌላው ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጣል፤ በወር አንዴ አንዱ ሞያሌ ይወርዳል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ዲስክም፣ በኔትወርክ የተገናኘውንም አብሮ ይቆልፋልና ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ባክአፕ አይባልም። ፓስወርዱን ደግሞ ከጠፋ ማንም አይመልሰውም፣ የሠሩት ሰዎችም ቢሆኑ። እኛ መጀመሪያ የጻፍነው የት መሰላችሁ? እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ዴስክቶፑ ላይ። አሁን በወረቀት ሁለት ቦታ አለ።

ሌላ ማንም ያልነገረን ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። ፕሮግራሙ የየወሩን መጨረሻ ቅጂ ለብቻ እንዲያስቀምጥ ስታዙት በፈረንጅ ወር ነው የሚያስበው። የእኛ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ላይ ይውላል። የጁን 30 እና የጁላይ 31 ቅጂ ይቀመጣል፣ የዓመት መዝጊያው ግን ከዕለታዊዎቹ ጋር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይሰረዛል። ለግብር ስትፈልጉት የለም። ኬንያ ውስጥ የግብር መዝገብ 5 ዓመት መቀመጥ አለበት፤ የእነሱ ወር ከፕሮግራሙ ጋር ስለሚገጥም የኢስሊው አያስቸግርም። የእኛን የሰኔ 30 ቅጂ በእጅ አውጥተን ለብቻው እናኖረዋለን።

በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ፣ መርካቶ ያለው ማሽን እንደሌለ ቆጥረን፣ በዲስኩ ብቻ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሁሉን እንመልሳለን። መጀመሪያ ስንሞክር አቃተን፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ፍላሽ አልተዘጋጀም ነበር። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ባለፈው ጊዜ ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፒችትሪው ተከፈተ፤ ፈተናው ደግሞ የሞያሌው ሽማግሌ ዕዳ ነው፤ ደውለን ከደብተራቸው ጋር እናመሳክራለን። እሳቸው ይስቁብናል።

የማለዳውን ሪፖርት የምታነበው የሒሳብ ሠራተኛችን ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በቴሌግራም ቡድናችን «አይቻለሁ፣ ደህና ነው» ብላ ትጽፋለች፤ ማስጠንቀቂያ ካለ ፎቶ አንስታ ትልካለች። ካልጻፈች እንደውላለን። ይቅርታ ጠይቀናታል፣ ደመወዟንም ጨምረናል። እሷ ግን የዚያን ቀኑን ነገር እስካሁን አንስታው አታውቅም።