አደይ በስንት ይሸጣል?

የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ በአገራችን ከማተሚያ ቤት አልተወለደም፤ የተወለደው ከልጆች እጅ ነው። በጳጉሜን ቀናት የደብተር ወረቀት ይገነጠላል፤ ባለቀለም እርሳስ ይቀረጻል፤ ፀሐይ፣ አበባ፣ ክንፉ ከአካሉ የሚበልጥ መልአክ ይሣላል። በመስከረም 1 ማለዳ፣ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ በሚዞሩበት ደጅ፣ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው ይቆማሉ። የቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል። «ሥዕል ገዛሁ» የሚል ግን የለም፤ ልጁም «ሸጥኩ» አይልም። ስጦታና ገንዘብ እርስ በርስ ሳይተፋፈሩ በአንድ ደጃፍ የሚተላለፉባት ዕለት ናት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፤ እሑድ ደግሞ ካሜራዬን አንግቼ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ላለፉት 3 ዓመታት ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች በእጄ ካርድ እያደረግሁ መሸጥ ጀምሬአለሁ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ቆይቷል። ሰው የሚወደውን ነገር ዋጋ ሲያወጣለት ፍቅሩ ወዴት ይሄዳል?

በእንግሊዝ አገር የካርዱ ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው በገና ሰሞን ለሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ መጻፊያ ጊዜ አጠረው። ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠራና ወደ 1,000 ቅጂ አሳተመ፤ ካርዱም አንዱ በ1 ሽልንግ ተሸጠ። የመጀመሪያው የታተመ የገና ካርድ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ልብ እንበል፤ የታተመው ካርድ የጊዜ እጦት ልጅ ነው። ዛሬ አንዱን የአደይ ምስል በቴሌግራም ለ200 ሰው ባንድ ጊዜ የምንልከውም የዚያው ዘር ብንሆን ነው። በእጅ የሚሠራ ካርድ ግን መንገዱን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የላኪውን ጊዜ አጥፎ በፖስታ ውስጥ ያስቀምጣል።

እኛም ብንሆን ፎቶግራፍን እንደ ካርድ ስንጠቀምበት ኖረናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ጥበቡ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በየከተማው ፎቶ ቤት ከተስፋፋ በኋላ፣ ወላጆቻችን አጊጠው ይነሡና ከፎቶው ጀርባ «ማስታወሻ ትሁንህ» ብለው ጽፈው ለወዳጅ ይሰጡ ነበር። በእናቴ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያሉ 11 ፎቶዎች አሉ። ፊቶቹ ደብዝዘዋል፤ የጀርባው ጽሑፍ ግን ዛሬም ይነበባል። ካርድ የመሥራት ሐሳብ የመጣልኝ እነዚያን ጀርባዎች ሳገላብጥ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። አደይ አበባ ለፎቶ አስቸጋሪ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ብቅ ትልና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትረግፋለች። ስለዚህ ለመስከረም 1 በሚሸጥ ካርድ ላይ የምትታየው አበባ ሁልጊዜ የአምናዋ ናት። ሰዎች «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ» እየተባባሉ ያለፈውን ዘመን አበባ ሲሰጣጡ ማየት ደስ ይለኛል። ቢጫ ቀለሟ ደግሞ የቀትር ፀሐይ አይችልም፤ የአበባዋ ቅጠሎች ተለይተው መታየታቸው ይቀርና አንድ ቢጫ ነጥብ ይሆናሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አለዚያም ስስ ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት፣ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን ጥቂት ቀንሼ፣ በቁመቷ ልክ ተንበርክኬ አነሣታለሁ። አንድ ጊዜ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት «ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?» ብለው አብረውኝ ሣሩን ሊያስሱ ጎንበስ ብለዋል።

ፎቶውን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ፎቶ ቤት አሳትማለሁ። የሚያብለጨልጨው ወረቀት የጣት አሻራ ስለሚይዝ የማያንጸባርቀውን እመርጣለሁ። የካርዱ ወረቀት በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም ቢመዝን መልካም ነው፤ ከዚያ ከሳሳ አይቆምም፣ እጅግ ከወፈረ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ወረቀትም እንደ እንጨት ጅማት አለው። ጅማቱን ተከትለው ሲያጥፉት ይታዘዛል፤ አግድም ሲያጥፉት ያኮርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀስታ ጎበጥ አድርጌ በየት በኩል እሺ እንደሚል እፈትናለሁ፤ ቀጥሎ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ የማጠፊያውን መስመር አሰምራለሁ። ውሃ የበዛበት ሙጫ ፎቶውን ስለሚያኮማትረው፣ በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ፕላስተር እለጥፋለሁ።

ዋጋው እንግዲህ እንዲህ ነው። ለፎቶው 30 ብር፣ ለወረቀቱ 15፣ ለፖስታው 10፣ ለፕላስተሩና ለላስቲኩ 5፤ በድምሩ 60 ብር። አንዱን በ100 ብር እሸጣለሁ። አንድ ካርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ድካሜ 80 ብር ያመጣል። ወደ እንጦጦ የወጣሁበት፣ የተንበረከክሁበት፣ ደመና የጠበቅሁበት ሰዓት በሒሳቡ ውስጥ የለም። ይህን መዝገብ ይዞ ብድር ሊጠይቅ የሚመጣ ደንበኛ ቢኖር፣ በትሕትና የምሸኘው ይመስለኛል።

ባለፈው ጳጉሜን ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ካርዶቹን ሊያዩ መጡ። ልጃቸው ለእንጀራ ቤሩት ከሄደች 6 ዓመቷ ነው። ሰው ሊሄድ ስለሆነ በእጁ ሊልኩላት ፈልገዋል። አደዮቹን አንድ በአንድ አዩና መለሱልኝ።

«ያምራሉ» አሉ። «አበባስ እዚያም አይጠፋም። የቤቴን በር አንሳልኝ።»

«በሩን ብቻ፣ እማማ? እርስዎ አይቆሙበትም?»

«እኔን በስልክ ታየኛለች። በሩን ነው ያላየችው።»

በሩ ቆርቆሮ ነው፤ በቅርቡ አረንጓዴ ተቀብቷል። ጠዋት ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት አነሣሁት። ካርዱን ሠርቼ ስወስድላቸው፣ እንደ ልማዴ በውስጡ አራት ስንኝ ልጽፍበት እንደምችል ነገርኋቸው። ቤት የሚመታ፣ ናፍቆትን ከአባይ ከመስክ ጋር የሚያዛምድ ግጥም አዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ «እኔ ልበልህ፣ አንተ ጻፍ» አሉኝ። የተናገሩትም ይህን ብቻ ነው፦ «በሩን አረንጓዴ ቀባነው። ቁልፉ ግን ያው ነው፤ አልቀየርነውም።»

ልጅቱ ስትሄድ የበሩን ቁልፍ ይዛ እንደሄደች የነገሩኝ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ግጥሜን በኪሴ እንዳለ ይዤው ተመለስሁ።

ከዚያ በፊት ግን የክፍያው ነገር ነበር። ገንዘብ እንደማልቀበል ስነግራቸው ተቆጡ። «ካልከፈልሁህ እኮ ያንተ ስጦታ ይሆናል» አሉኝ። «አንተ ለልጄ ምኗ ነህ? እኔ ነኝ የምልክላት።» ከመቀነታቸው የታጠፈ 100 ብር ፈትተው ሰጡኝ፤ ተቀበልሁ። በቀን ስንትና ስንት መቶ ብር በእጄ ያልፋል። ያችን መቶ ብር ግን ለብቻዋ አጥፌ ወደ ቤቴ ወሰድኋት።

ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው። ካርድ የሚሸጥ ሰው ፍቅሩን አይሸጥም፤ ሌላው ሰው የራሱን ፍቅር የሚያኖርበት ቦታ ይሸጣል። ገዢው ሲከፍል ቦታው የራሱ ይሆናል። በየደጁ የሚቆሙት ሕፃናት ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ሳንቲሙን ተቀብለው ሥዕሉን ሲሰጡ ዓይናቸው ወደ ኋላ አይመለከትም።

የዚያ በር ፎቶግራፍ እኔ ዘንድ አለ፤ ዳግመኛ አላሳተምሁትም፤ አላሳትመውምም፤ ባለቤት አለውና። የአደይ ካርዶቼን ግን ዛሬም እሠራለሁ። ውስጣቸውን ባዶ እተዋለሁ። ግጥም የሚሹ ጥቂት ደንበኞች ሲመጡ በደስታ እጽፍላቸዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን «እርስዎስ ምን ሊሏት አስበው ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ትንሽ ያስባሉ፤ ከዚያም እስክሪብቶውን ከእጄ ይወስዳሉ።