ደብተሩ ይታይ!

ከአሰላ መጣን ስንል የሚቀጥለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ‹‹ታዲያ ሩጫ ትችላላችሁ?›› ኧረ በጭራሽ! እኛ የምንችለው ቤዝቦል ነው። (ሳቃችሁን ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እንጠብቃለን።)

በእርግጥ የቤዝቦል ሜዳ በዓይናችን አይተን አናውቅም። የኛ ቤዝቦል ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚሰካ፣ ትንሽ ሲቆይ አዳፕተሩ እንደ ምጣድ የሚግል የቲቪ ጌም ውስጥ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው የጌም ብዛት ቁጥሩ ተጽፎ አያልቅም። ዝርዝሩን ወደ ታች ስትወርዱት ግን ያው ማሪዮ፣ ያው ታንክ፣ ያው ዳክዬ አደን ስሙን እየቀያየረ ይመለሳል። ዱላ የያዘውን ሰውዬ ያገኘነው ከነዚህ መሀል ነበር።

መሣሪያው የጃፓኑ ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ፋሚኮም የሚባለው ጌም ኮፒ ነው። ቤዝቦሉም በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ነው። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ሌላው ዓለም ፕሌይስቴሽን 3 በሚጫወትበት ሰዓት ነው። አንድ ጎረቤታችን ልጆቹን ከመንገድ ለመሰብሰብ ብሎ ከመርካቶ አመጣው። የሱን ልጆች ሊሰበስብ አስቦ የሰፈሩን ልጅ በሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ።

ከተማው ውስጥ ሌላ ጌም ጠፍቶ አልነበረም። ፕሌይስቴሽን ቤቶች ነበሩ። በራቸው ላይ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ ከውስጥ የእግር ኳስ ጩኸት ይሰማል። እኛ ሴቶቹ በዚያ ስናልፍ ከመጋረጃው ሥር የምናየው የወንዶች ጫማ ብቻ ነው። ‹‹ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች?›› የሚለው ጥያቄ መልስ አይጠብቅም፤ ጥያቄ ሳይሆን በር ነው። የጎረቤታችን ሳሎን ግን ጌም ቤት አይደለም። እትዬ ቡና እየቆሉ እዚያው ቁጭ ብለዋል፤ ስለዚህ የማናችንም እናት አልተቆጣችም።

የቤዝቦሉ ደስ የሚለው ነገር ምን መሰላችሁ? ህጉን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም! ወንዶቹም አያውቁም፣ ታላላቆቻችንም አያውቁም፣ የስፖርት መምህራችንም አያውቁም። መጀመሪያ ዱላና ኳስ ስላየን ‹‹ገና›› አልነው። ኦሮምኛ የሚቀናቸው ጓደኞቻችን ‹‹ቂሌ›› አሉት። ቡድኖቹ በአንዳንድ የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚጠሩት። በኋላ ስናነብ ‹‹ዲ›› ድራጎንስ፣ ‹‹ቲ›› ታይገርስ፣ ‹‹ጂ›› ጃይንትስ የሚባሉ የጃፓን ክለቦች ናቸው። ያኔ ግን ‹‹ዲ›› ደራርቱ፣ ‹‹ቲ›› ጥሩነሽ ናት ብለን ያዝናቸው። ወንዶቹ ለቀነኒሳ የሚሆን ፊደል ቢያጡ ‹‹ጂ››ን ለኃይሌ ገብረሥላሴ አባት ስም ሰጡና ተጽናኑ።

አንድ ነገር ግን አሳፈረን፤ በዚህ ጌም ሜዳ ላይ ኳስ የሚያባርሩትን ተጫዋቾች የሚያስሮጣቸው ማሽኑ ራሱ ነው። የኛ ድርሻ ኳሱ ከተያዘ በኋላ ወደ የትኛው ማዕዘን እንደሚወረወር መምረጥ ብቻ ነው። የአርሲ ልጅ ሆኖ ሩጫውን ለማሽን መስጠት! ወይ ጉድ!

ትልቁ ክርክር የተነሳው በሦስቱ ስህተቶች ላይ ነው። ሦስት ጊዜ የሳተ ይወጣል፤ ይሄ ቶሎ ገባን። ኳሱን መትቶ ከመስመር ውጪ የሰደደም ስህተት ይቆጠርበታል። ግን አንዳንዴ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ አይቆጠርም። ወንዶቹ ‹‹ማሽኑ ተበላሽቷል›› ብለው ፈረዱ። እኛ ደግሞ ደብተርና እርሳስ አመጣን። ሐምሌን ሙሉ፣ ውጭ ዝናብ እየወረደ፣ ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ፣ ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እያንዳንዱን ምት መዘገብን። መብራት በፈረቃ በሚሆንበት ቀን የመዘገብነውን እናነባለን። በመጨረሻ ተገኘ፦ ከመስመር የወጣ ኳስ አንደኛና ሁለተኛ ስህተት መሆን ይችላል፤ ሦስተኛና አስወጪ ስህተት ግን አይሆንም። ማሽኑ ጤነኛ ነበር። እውነተኛው የቤዝቦል ህግም ይኸው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭቅጭቅ ሲነሳ ወንዶቹ ራሳቸው ‹‹ደብተሩ ይታይ!›› ይሉ ጀመር።

በዚያው ክረምት የቤጂንግ ኦሊምፒክ መጣ። ጥሩነሽም ቀነኒሳም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ አመጡና አርሲ አበደ። ቀነኒሳ 5,000ውን ያሸነፈው ነሐሴ 17 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ ደቡብ ኮርያ ኩባን 3 ለ 2 አሸንፋ የቤዝቦል ወርቅ ወስዳለች። በመላው አሰላ ያንን ጨዋታ ቢያይ የሚገባው የነበረው የእትዬ ሳሎን ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ የምናወራው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ሥራ ስንፈልግ አንድ የስፖርት ክፍል ለፈተና ጠራን። ከኛ በፊት የገቡት ወንዶች ‹‹የማን ደጋፊ ነህ?›› ተብለው እየሳቁ ወጡ። እኛ ስንገባ ጥያቄው ‹‹ኦፍሳይድ ምንድነው?›› ሆነ። መለስን። ፈታኙ ገረማቸውና ‹‹ወንድም አላችሁ እንዴ?›› አሉን።

እስቲ ልብ በሉ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሩጫ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚደፍር የለም። ሴት ልጅ ስትሮጥ ታምነዋል፤ ስለ ጨዋታ ስታውቅ ግን ያስተማራት ወንድ ይፈለጋል። ወንዶቹም እኮ ኦፍሳይድን ይዘው አልተወለዱም! ከመጋረጃው ውስጥ ስለገቡ ሰሙት፤ ስለሰሙት አወቁት። መጋረጃ የሌለበት ሳሎን ውስጥ ሁላችንም ከዜሮ ስንጀምር ደግሞ አዋቂ የሆነው ደብተር የያዘው ነው። እኛ ያየነው ይህንን ነው።

የቤዝቦሉ ዓለምም ከዚህ የነጻ እንዳይመስላችሁ። በኦሊምፒክ ቤዝቦል የወንዶች ነው፤ ለሴቶች የተሰጣቸው ሶፍትቦል ነው። ከቤጂንግ በኋላ ሁለቱም ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ ተመለሱ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ቀሩ። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ እንደገና ይኖራሉ። ያኔ አንዱ ስፖርት ክፍል ‹‹ይሄን ነገር ማን ያውቀዋል?›› ብሎ መጨነቁ አይቀርም። እኛ አለን። ወንድም ሳይጠሩ ይደውሉልን።