በጎማ ላይ ባለ ቤት ወደ ግራንድ ካንየን

ከላስ ቬጋስ ወደ ግራንድ ካንየን ደቡባዊ ጠርዝ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በረሃው ቀስ በቀስ ያልቅና የጥድ ደን ይጀምራል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ሌሊቱ በበጋም ይበርዳል።

እኛ የሄድነው በተከራየነው አርቪ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው፣ በጎማ ላይ የቆመ ቤት በሉት። እህቴ፣ ባለቤቷ፣ ሁለት ልጆቻቸውና ከአዲስ አበባ ልትጠይቃቸው የመጣችው እናታችን ነበርን። ለእናት የተሻለውን መስጠት ወግ ነውና፣ ከኋላ ያለው ሰፊ አልጋ ለእሷ ተነጠፈ። እሷ ግን ዞር ዞር ብላ አየችና «ከጋቢናው በሮች ሌላ መውጫው ይሄ ብቻ ነው?» አለች።

ጥያቄዋ ቦታውን የመታ ነበር። አልጋው ከኋላ፣ በሩ ከፊት፣ ምድጃው በመካከላቸው ነው። ከምድጃው እሳት ቢነሣ ከኋላ የተኛ ሰው ወደ በሩ ማለፊያ የለውም። የውስጡ ዕቃ ቀጭን እንጨት፣ ስፖንጅና ፕላስቲክ ስለሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም ከነበልባሉ ይቀድማል። ከአልጋው አጠገብ ቀይ እጀታ ያለው የአደጋ ጊዜ መስኮት የተሠራው ለዚህ ነው።

ካምፑ ስንደርስ ከእራት በፊት መስኮቱን ሞከርነው። ጎማው ተጣብቆ ስለነበር በኃይል መገፋት ነበረበት። ማጠፊያው ከላይ በመሆኑም ካልተያዘ ተመልሶ ይዘጋል። ከመሬት ያለው ከፍታ ከአዋቂ ደረት በላይ ነው። አባትየው ውጭ ቆመ፤ ልጆቹ በጠርዙ ላይ ብርድ ልብስ ተደርጎላቸው፣ በሆዳቸው ተኝተው፣ እግራቸውን አስቀድመው ወረዱ። እናታችን ሳቀችና «እኔ በዚህ ጉልበቴ?» አለች። ያን ጊዜ አልጋ ተቀያየረ። እሷ ከበሩ አጠገብ፣ እህቴና ባለቤቷ ከኋላ ተኙ።

ጋዙም ትኩረት ይፈልጋል። ፕሮፔን ልክ ቤታችን እንደምንጠቀምበት የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠቋሚው ከወለሉ አጠገብ የሚተከለው ለዚህ ነው። ሲጮህ ክብሪት መጫር፣ መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት አይገባም፤ ሁሉም ወዲያው ይወጣል። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም የራሱ ጠቋሚ አለው። በብርድ ሌሊት ምድጃን ለማሞቂያ መለኮስ የዚህን መርዝ በር መክፈት ነው።

የእሳት ማጥፊያው ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው፣ የሚጠቀምበት ሰው መውጫው ከጀርባው እንዲሆን ነው። ትንሽ ስለሆነ ለትንሽ እሳት ብቻ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ዕቃ ሳይፈልጉ መውጣት፣ ከሩቅ ሆኖ 911 መደወል ነው። እኛ የምንገናኝበትን ጥድ መረጥን፤ ልጆቹም የቆምንበትን ቦታ ቁጥር በቃላቸው ያዙ።

ልጆቻችሁን ልትጠይቁ የምትሄዱ ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ቢገጥማችሁ የመጀመሪያው ማታ ሳይመሽ መስኮቱን አስከፍቱ። ከበሩ አጠገብ ተኙ ቢሏችሁም አትቀየሙ፤ ከሰፊው አልጋ የበለጠ ክብር ሰጥተዋችኋል።