ጩኸት ሲፈርድ

ቡሬ ላይ ባየሁት የሠፈር ጨዋታ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ከማንሣቱ «በልተሃል!» የሚል ጩኸት ከኋላው ተነሣ። አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ የመጣውን ግልጽ ኦፍሳይድ እያየ አለፈው። ያሸነፈው ጉቦ ሳይሆን ጩኸት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአውሮፓ ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑ፣ ለእንግዳ ቡድን የሚመዘዘው ቢጫ ካርድ መቀነሱን ጥናቶች አሳይተዋል። ደጋፊው ዝም ሲል ፊሽካው ቀና ማለት ነው።

ኢትዮጵያዊውን ዳኛ ባምላክ ተሰማን የማከብረው ጩኸት ስለማይረታው ነው። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ፣ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ በተገናኙበት የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ሁለቱንም ምስሉን አይቶ ሻረ። ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት አድርጎ የራስን ውሳኔ መሻር ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

በእኛ የሠፈር ሜዳ ግን ውሳኔን በምስል የሚያጣራ ቫር የለም። ስለዚህ ዳኛ የሚመደበው ከሁለቱም ተጋጣሚዎች ሠፈር ውጭ ይሁን፤ ሲገባም ሲወጣም ጥበቃ ይኑረው። እኛም በልጆቻችን ፊት ዳኛ አንሳደብ። የገናን ጨዋታ ያለ ፊሽካ ተማምኖ ሲጫወት ለኖረ አገር ይህ አይከብድም።