ከባሕር ማዶ የመጣው መጫወቻና የቤታችን ኤሌክትሪክ

ከባሕር ማዶ የሚላክ ዕቃ የአገሩን ጠባይ ይዞ ይመጣል። ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ወንድማችን ሁለት የቆዩ የኒንቴንዶ መጫወቻዎች ለልጆቻችን ላከልን፤ አንደኛው የአሜሪካው ሲሆን፥ ሁለተኛው በ1975 ዓ.ም. በጃፓን የወጣው ፋሚኮም ነው። የብቸኝነቱ ዘመን ጓደኞች ስለ ነበሩ፥ በችኮላ እንዲጠፉ አልወደድንም።

በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120፥ በጃፓን 100፥ በአገራችን ግን 220 ቮልት ነው። ለአነስተኛው የተሠራ አዳፕተር የእኛን ቢቀበል፥ በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። የሶኬት እግር መለወጫውም ቅርጹን እንጂ ኃይሉን አይለውጥምና ማንም አይታለልበት።

ስለዚህ አስቀድመን በአዳፕተሮቹ ላይ የተጻፈውን አነበብን። የአሜሪካው 9 ቮልት ኤሲ ያወጣል፤ የጃፓኑ ግን 10 ቮልት ዲሲ ሲሆን፥ ኔጌቲቩ በጫፉ መካከል ነው። የአሜሪካው ገመድ በፋሚኮም ላይ ቢሰካ ይገባል፤ ነገር ግን ያበላሸዋል። እንግዲህ በየገመዱ ላይ ስሙን ጽፈን አሰርንበት። ለአሜሪካው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ፥ ዋቱም ከሚፈለገው የሚበልጥ ትራንስፎርመር ገዛን። ለፋሚኮም ደግሞ 220 የሚቀበል፥ አወጣጡ ከጥንቱ ጋራ የሚስማማ አዲስ አዳፕተር አገኘንለት።

ልጆቹ ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ሦስት ቀን መታገሥ ከበዳቸው። ዛሬ ግን ጨዋታው ሲያበቃ ትራንስፎርመሩን ከግድግዳው መንቀል የታላቂቱ ልጃችን ሥራ ነው፤ አንድም ቀን ረስታው አታውቅም።